አዲሱ ቨርዥን ሳይወጣ ቅመሱት

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2019) አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አዲስ ቨርዥን፣ 3.6.0፣ ወጣ። በሳምንቱ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩት። አዲስ ነገር እወዳለሁ፤ ያው አመሌ ነው። በዚያው ሰሞን የአንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎች ገጠር ወርደው ነበር። ከየቀበሌው የሚጠየቁትን አባወራዎች በዕጣ የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ በአር።

አንድ ቀን ጠዋት ሱፐርቫይዘሩ ደወለ። የአንዱ ቀበሌ ዝርዝር ዝናብ መትቶት አይነበብም። «ጋሼ፣ እንደገና ይላኩልኝ» አለኝ። ቀላል ነው አልኩ። ኮዱ አለ። ዕጣው የሚነሳበት ቁጥር፣ ሲድ የምንለው፣ ኮዱ ውስጥ ተጽፏል። ሲዱ አንድ ከሆነ ዕጣውም አንድ ነው። ይህን ለስንት ተማሪ አስተምሬዋለሁ። ኮዱን አስኬድኩና ላክሁ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ እንደገና ጮኸ። «ጋሼ፣ ትናንት ያነጋገርናቸው ሴትዮ ዝርዝሩ ላይ የሉም።»

ኮዱ ያው። ሲዱ ያው። የስህተት መልእክት የለም። እስኪመሽ ራሴን ስጠራጠር ዋልኩ። ፋይል አሳስቼ ይሆን? የአባወራዎቹ ቅደም ተከተል ተዛብቶ ይሆን? አዲሱ ቨርዥን ትዝ ያለኝ ማታ ነው። ለካ አር 3.6.0 ላይ ዕጣ የሚያወጣው «ሳምፕል» የሚባለው ትእዛዝ አሠራሩ ተቀይሯል። የአር ሠሪዎች ምክንያት ትክክል ነበር። የሚመረጥበት ዝርዝር በጣም ትልቅ ሲሆን የድሮው ዘዴ ለአንዳንዱ ቁጥር ትንሽ ያደላ ነበር። እሱን አስተካከሉ። ሲያስተካክሉት ግን በድሮው ሲድ የሚወጣው ዕጣ ሌላ ሆነ። ይህ ሁሉ የለውጦቹ ዝርዝር ላይ ተጽፏል። ወደ ድሮው ዕጣ መመለሻውም አለ፤ ሲዱ ላይ ዘዴው «ራውንዲንግ» ይሁን ብሎ መጻፍ ነው። የሙከራው ቅጂም ቀደም ብሎ ለማንም ክፍት ነበር። ያልሞከርኩት እኔ ነኝ። ሁለት የመስክ ቀን በላሁ።

የአር ትልቁ ቨርዥን በየዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ ይወጣል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት አልፋ፣ ቤታ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሪሊስ ካንዲዴት» እየተባለ ለሙከራ ይቀርባል። ብዙዎቻችን እነዚያን ሳምንታት የፕሮግራመሮቹ ጉዳይ አድርገን እናልፋቸዋለን። እኔም ስንት ዓመት እንዲያ አልፌያለሁ። ግን አስቡት። የሚሠሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው። በራሱ የሚሄድ ብዙ ቴስት አላቸው፤ የእናንተ ዳታ ግን የላቸውም። ጳጉሜን የሚባል ወር ያለበትን ዳታ ማን ይሞክርላቸው?

አማርኛን ውሰዱ። አር ዊንዶውስ ላይ አማርኛ ሲያይ ለብዙ ዓመት ይደናበር ነበር። «ለ» ብላችሁ ያስገባችሁት «ዩ ፕላስ 1208» ሆኖ ይወጣል። ኮምፒውተር ፊደሏን የሚያውቅበት የዩኒኮድ ቁጥሯ ነው። የወረዳ ስሞች ያሉበት ሠንጠረዥ የስልክ ማውጫ ይመስል ነበር። እኛ ታዲያ ምን አደረግን? ወረዳውን ሁሉ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመርን። አንዱ ከተማ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሦስት ከተማ ሆኖ ቁጭ አለ። ለገንቢዎቹ የጻፈላቸው ከመካከላችን ማን እንደነበር እንጃ። እኔ አልጻፍኩም።

ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የወጣው አር 4.2.0 ነው በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ አማርኛንም የሚይዘውን የጽሑፍ አመዘጋገብ፣ ዩቲኤፍ-8ን፣ መደበኛ ያደረገው። ከመውጣቱ አስቀድመው የሙከራ ቅጂ አቅርበው ሞክሩልን ብለው ነበር። በዚያኛው ጊዜ ተምሬ ስለነበር ጫንኩት። የሞከርኩት አንድ የወረዳ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። «ለ» ራሷን «ለ»ን ሆና ስትወጣ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስትሞክሩ፣ የምትሠሩበትን ቨርዥን አታጥፉት። አዲሱን ከጎኑ ጫኑ፤ አንድ ላፕቶፕ ሁለቱንም ይችላል። አር ላይ የምትጨምሯቸው ፓኬጆችም ለየብቻ ይቀመጡ። ከዚያ መልሱን የምታውቁትን ያለቀ ሥራ አምጡና አስኪዱት። በአዲስ ሥራ አትሞክሩ፤ ነገር ሲበላሽ ጥፋቱ የእናንተ ይሁን የሶፍትዌሩ መለየት አትችሉም። የአምናው ሪፖርት ላይ ያለው ሠንጠረዥ ዘንድሮም ያው ሆኖ ይወጣል ወይ? በዓይን አታወዳድሩ፣ ዓይን ይሰለቻል፤ ኮምፒውተሩ ያወዳድር። አሥራ አምስተኛው አሃዝ ላይ ቢለያይ አትደንግጡ። ኮምፒውተር 0.1 እና 0.2 ደምሮ እንኳ በትክክል 0.3 አያገኝም። ሦስተኛው አሃዝ ላይ ከተለያየ ግን ቡናውን አስቀምጡትና ቁጭ ብላችሁ ፈልጉ።

ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ የሚቆም ኮድ አያሳስበኝም፤ እሱ ራሱ ይናገራል። የምፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈውን ነው። ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አር 4.0.0 ሲወጣ፣ ጽሑፍ ያለበትን ዓምድ ሳይጠየቅ ወደ «ፋክተር»፣ ማለትም ውስጡን በቁጥር ወደሚያዝ ምድብ፣ መቀየሩን ተወ። ስንረግመው የኖርነው ልማድ ስለነበር ደስ አለን። ግን በዚያው ልማድ ላይ የተጻፈ የድሮ ኮድ በየቢሮው ሞልቷል። አንዳንዱ ቆመ። አንዳንዱ ሌላ ነገር እያወጣ ቀጠለ።

ባግ፣ ማለትም የሶፍትዌር ስህተት፣ አገኘሁ (በግ አላልኩም) ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የለውጦቹን ዝርዝር አንብቡ። እንደኔው ዕጣ አውቀው የቀየሩት ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን አትከስሩም፤ መስክ ከመውረዳችሁ በፊት አወቃችሁ ማለት ነው። ባግ ከሆነ ደግሞ ችግሩን የሚያሳይ አሥር መስመር የማይሞላ ኮድ ላኩ፤ ሁለት ሺህ መስመር የሚያነብላችሁ የለም። የአሩን ቨርዥን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፣ የጠበቃችሁትንና ያገኛችሁትን ጻፉ። የተጠያቂዎችን ዳታ ግን በፍጹም አትላኩ። ሰዎቹ ቤታቸው አስገብተው የነገሯችሁ ነው። የፈጠራ ዳታ ሥሩ። እንግሊዝኛዬ አይረባም የሚል ካለ፣ ኮዱ ይናገርለታል።

ብቻ ጊዜው አይለፋችሁ። ቨርዥኑ ወጥቶ ሪፖርት ከተሠራበት በኋላ መጮህ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ይስተካከላል፣ አዎ፤ የታተመው ሠንጠረዥ ግን አብሮ አይስተካከልም።

እኔ አሁን መጋቢት ሲገባ ያንን የዕጣ ኮድ አወጣና በሙከራው ቅጂ ላይ አስኬደዋለሁ። ያ ሱፐርቫይዘር ዛሬ የራሱን ጥናት ይመራል። ባለፈው የናሙና ዝርዝር ልኮልኝ ነበር። ግርጌው ላይ፣ ከሲዱ ቀጥሎ፣ የአሩን ቨርዥን ጽፎታል።