«ለካሳ የተያዘ በጀት የለም» ሲባሉ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሸዋበር አካባቢ ነው። አባታችን ካረፉ ወዲህ እኔና ሁለት ወንድሞቼ በጋራ የያዝነው ግቢ አለን። በግቢው ውስጥ የምንኖርበት የጭቃ ቤት፣ ከአስፋልቱ ዳር ደግሞ የምናከራየው ሱቅ ይገኛል። ካርታው እስካሁን በአባታችን ስም ነው። በቅርቡ ለስብሰባ ተጠርተን ሰፈራችን በመልሶ ማልማት እንደሚነሳ ተነገረን። አንድ ባለሙያ መንገዱና የጎርፍ መውረጃው ከውጭ በተገኘ ድጋፍ እንደሚሠራ፣ ያ ገንዘብ ግን ለካሳ እንደማይውል፣ ለካሳ የተያዘ በጀትም ስለሌለ ክፍያው «በሚቀጥለው የበጀት ዓመት» እንደሚታይ አስረዱን። እስከዚያ ቤቱን ልቀቁ ተብለናል። በጽሑፍ የደረሰን ነገር የለም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ከዋናው ነጥብ ልጀምር። የበጀት እጥረት ሥራው የሚጀመርበትን ቀን ሊያዘገይ ይችላል፤ የእናንተን ካሳ ከመልቀቂያው ቀን በኋላ ለማድረግ ግን ምክንያት አይሆንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(8) መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲያስፈልግ የግል ንብረትን እንዲወስድ የሚፈቅደው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ቤቱ፣ አጥሩና በቦታው ላይ ያደረጋችሁት ማሻሻያ የእናንተ ንብረት ነው። ለሕዝብ ጥቅም የመሬት ይዞታ ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ይህንኑ በዝርዝር ይደነግጋል፤ ካሳው ይከፈላል ወይም ምትክ ቦታ ወይም ቤት ይሰጣል፣ ቦታውን የመልቀቅ ግዴታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ንብረት ያለበትን ይዞታ ለማስረከብም ካሳው ከተከፈለ ወይም ምትኩ ከተሰጠ በኋላ 120 ቀናት አላችሁ።

ባለሙያው የተናገሩት ነገር በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ከተሞቻችን ለመንገድ፣ ለጎርፍ መውረጃና ለገበያ ቦታ ግንባታ ከራሳቸው ገቢና ከክልል ድጎማ ሌላ ለዓመታት ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ ሲጠቀሙ ቆይተዋል። ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረውና በባንኩ 600 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም 117 ከተሞችን የያዘ ነበር። ገንዘቡ ይለቀቅ የነበረው ከተማው በየዓመቱ በአፈጻጸሙ እየተመዘነ ነው፤ ከተማውም የራሱን ድርሻ ያዋጣ ነበር። እንዲህ ባለው አሠራር ከውጭ የመጣው ገንዘብ ለግንባታው ውሎ የካሳው ሸክም በከተማው ላይ ቢቀር የሚያስገርም አይደለም። አዋጅ 1161ን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1336ም የከፋይነቱን ኃላፊነት ይበልጥ ወደ ክልሎችና ወደ ከተማ አስተዳደሮች አዙሮታል። ስለዚህ «ያ ገንዘብ ለካሳ አይውልም» ቢሉ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የተሳሳተው «እስከዚያ ልቀቁ» ማለታቸው ነው። ከየትኛው ኪስ እንደሚከፈል መነጋገር ያለባቸው መሥሪያ ቤቶቹ እርስ በርሳቸው ነው፤ እናንተን ሜዳ ላይ አስቀምጠው ሊሆን አይገባም።

የገንዘቡን ምንጭ ማወቁ ግን ለእናንተም ይጠቅማል። በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚሠራ ሥራ የማኅበራዊ ጥበቃ ግዴታዎችን ተሸክሞ ይመጣል፤ ተነሺዎች አስቀድመው መመዝገብ፣ ካሳቸውን ማግኘትና አቤት የሚሉበት ቦታ ማወቅ አለባቸው። ይህ ካልተፈጸመ ተነሺዎች ራሳቸው፣ ያለ ጠበቃም ቢሆን፣ ለባንኩ ቅሬታ ሰሚ ክፍል በቀጥታ መጻፍ ይችላሉ። ሥራው በከተማውና በክልሉ ገንዘብ የሚሠራ የኮሪደር ልማት ከሆነ ይህ በር አይኖርም፤ ሕገ መንግሥቱና አዋጁ ግን በሁለቱም ላይ እኩል ይሠራሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የፕሮጀክቱ ስም ማን ነው፣ ገንዘቡ ከየት ነው፣ ለካሳ የተያዘው ገንዘብ ስንት ነው። መረጃ የማግኘት መብታችሁ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተረጋገጠ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ ሊሰጥ ይገባል። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥርና ማኅተም ሳይደረግበት አትውጡ።

ስለ ስብሰባው ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ። አዋጁ በመርህ ደረጃ ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም ውይይት እንዲደረግ ያዛል፤ መሬቱ ለአስቸኳይ ልማት ሲፈለግ ይህ ጊዜ ሊያጥር ይችላል። በስብሰባው ላይ የሚዞረው ወረቀት የስም መቆጣጠሪያ ሊሆን ይችላል፤ «ተስማምተናል» የሚል ቃለ ጉባኤ የመጨረሻ ገጽም ሊሆን ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት ከላይ የተጻፈውን አንብቡ። ርዕስ ከሌለው ከፊርማችሁ ጎን «በስብሰባው ላይ ለመገኘቴ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ። በቃል የተነገረ «ልቀቁ» ትእዛዝ አይባልም። የጽሑፍ ትእዛዝ በደረሳችሁ ቀን ግን የተቀበላችሁበትን ቀን ደብዳቤው ላይ ጻፉ፤ የአቤቱታው ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

አሁን ደግሞ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ወዳሳሰበኝ ነገር፣ ወደ ካርታው ልምጣ። ካርታው በሟች አባታችሁ ስም እስካለ ድረስ በጀት ቢገኝም ክፍያው በእናንተ ስም ሊወጣ አይችልም። ሦስታችሁም ዛሬ ነገ ሳትሉ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጡ። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነና ሁላችሁም ከተስማማችሁ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ሊሰጣችሁ ይችላል። ማረጋገጫው እንደወጣ ካርታውን ወደ ስማችሁ ለማዞር አመልክቱ። ከወንድሞችዎ መካከል ሩቅ አገር ያለ ካለ ከአሁኑ ውክልና ይላክ። አሥር ዓመት በቸልታ የቆየ የወራሽነት ጉዳይ ልክ ገማቾች በሚመጡበት ሳምንት ሲነሳ የወንድማማች ጠብ ይሆናል። ይህን በየችሎቱ አይቻለሁ፤ እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ገማቾቹ የሚመጡበትን ቀን ጠይቃችሁ ከሦስታችሁ አንዱ በቦታው ይገኝ። ሜትሩ ሲዘረጋ እናንተም ጻፉ፦ የክፍሎቹ ስፋት፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ፣ ሊሾ ከሆነ ወለሉ፣ በርና መስኮቱ ብረት ይሁን እንጨት፣ አጥሩ፣ መጸዳጃው፣ የውኃና የመብራት ቆጣሪው፣ በግቢው ያለ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ሁሉ። ፎቶግራፍ አንሱ። ቤቱ ጭቃ መሆኑ አያሳፍራችሁ፤ አዋጁ የሚለው ንብረቱን በአዲስ ለመተካት የሚያስችል ዋጋ ይከፈል ነው። «አርባ ዓመት የቆየ ቤት ነው» ተብሎ እርጅናው ሊቀነስባችሁ አይገባም። በቅጹ ላይ ያልሰፈረ ነገር ካለ ሳታስመዘግቡ አትፈርሙ። ትእዛዙ ከደረሳችሁ በኋላ ግን አንዲት ማገር አትጨምሩ፤ ለእርሱ ካሳ አይከፈልም።

ሱቁን በተመለከተ በፈቃድ የተሠራ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ፈልጉ። በሕጋዊ መንገድ የተሠራ ከሆነ የሕንፃው ካሳ ብቻ አይደለም የሚገባችሁ፤ አዋጁ «የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳ» ሲል የቤት ኪራይ መቋረጥን ጭምር ይመለከታል። የኪራይ ውሉና ግብር የከፈላችሁበት ደረሰኝ እዚህ ላይ ዋጋ አላቸው። ለመኖሪያው ደግሞ ምትክ ቦታ ወይም በግዢ የሚሰጥ ቤት፣ ከዚያም ጋር የመፈናቀል ካሳ አለ።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ መብት ልጨምር። የአዋጁ አንቀጽ 7 መልሶ ማልማት በሚካሄድበት አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች አቅም ካላቸው በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በቡድን ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። በእናንተ ግቢ ላይ ብቻ ፕላኑ የሚጠይቀውን ሕንፃ ማቆም ይከብዳል። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተቀናጅታችሁ፣ የባንክ ማስረጃና ሐሳባችሁን አያይዛችሁ በጊዜ ብታመለክቱ ግን ጥያቄው ሊታይላችሁ ይገባል። ሸዋበርን የሚያውቅ ሰው የአስፋልት ዳር ቦታ ነገ ምን እንደሚያወጣ ይገባዋል፤ ሳትሞክሩ አትተዉት።

ትእዛዙ ወይም ግምቱ ትክክል አይደለም ካላችሁ በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካሉ በጽሑፍ ታቀርባላችሁ፤ ውሳኔው ካላረካችሁ በሌላ 30 ቀናት ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይኬዳል። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት አስገቡ። አቤቱታ ማቅረባችሁ ብቻውን ማፍረሱን ያስቆማል ብላችሁም አትተማመኑ፤ ካሳ ሳይከፈል ለማፍረስ ከተንቀሳቀሱ ወዲያውኑ የእግድ ትእዛዝ ለመጠየቅ እንድትችሉ የካርታውን፣ የወራሽነቱን፣ የፎቶግራፎቹንና የደብዳቤዎቹን ቅጂ በአንድ ማኅደር አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌላችሁ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ፤ ስትሄዱ ማኅደሩን ይዛችሁ ሂዱ።