ነዳጅ ሲረገጥ መሪው ለምን ይስባል? በፊት እግሩ ስለሚነዳ ሃይብሪድ የተሰጠ መልስ

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ያቀረቡት ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው፦ በፊት እግሩ (በፊት ጎማዎቹ) የሚነዳ ያገለገለ ሃይብሪድ፣ ማለትም በነዳጅም በኤሌክትሪክም ሞተር የሚሄድ መኪና ገዝተው ከኮዬ ፈጬ ወደ ሥራ ይመላለሳሉ፤ ከቆሙበት ተነሥተው ነዳጅ ጠበቅ አድርገው ሲረግጡ መሪው ወደ ቀኝ ይስብዎታል፣ እግርዎን ሲያነሡ ይለቃል፤ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ደጋግመው አሠርተው ማሽኑ ሁሉም ልክ ነው ቢልም ለውጥ አላዩም፤ አሁን ደግሞ የመሪ ሳጥኑ ይቀየር ተብለዋል። እኔም በዚያው በቱሉ ዲምቱ በኩል ተመሳሳይ አሠራር ያለው መኪና ለዓመታት ስለነዳሁና እንዲህ ያለውን ስበት ከነመንሥኤው ስለማውቀው፣ ሐሳቤን ከፊት ላስቀምጥ፦ የመሪ ሳጥኑን አሁን አይግዙ።

የገለጹት ነገር ባለሙያዎች ቶርክ ስቲር የሚሉት ነው፤ ወደ ጎማ የሚሄደው የሞተር ጉልበት መሪውን ሲስበው ማለት ነው። በእነዚህ መኪኖች ሞተሩና ካምቢዮው በአግድም ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ እግር የሚያካፍለው ዲፈረንሻል መሐል ላይ አይውልም፤ በዚህም ምክንያት ወደ አንዱ እግር የሚሄደው አክስል (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) አጭር፣ ወደ ሌላው የሚሄደው ረጅም ይሆናል። ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ለሁለቱም እኩል ቢያካፍልም አክስሎቹ የሚታጠፉበት ማዕዘን እኩል ስላልሆነ፣ በአክስሎቹ ጫፍ ባሉት ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች (ሲቪ ጆይንት) በኩል እግሩን ወደ ጎን ለማዞር የሚመጣው ግፊት በግራና በቀኝ አይጣጣምም፤ ልዩነቱም በመሪው በኩል እጅዎ ላይ ይደርሳል። ነዳጅ በኃይል ሲረገጥ የመኪናው አፍንጫ ቀና ስለሚል ማዕዘኑ ይለወጣል፣ ስበቱም ይብሳል። አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ብዙዎቹ በረጅሙ ወገን መካከለኛ ዘንግ ጨምረው የሁለቱን አክስሎች ርዝመት ያቀራርባሉ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ፎከስ አር ኤስ ላይ ከዚህም አልፎ እግሩ የሚዞርበትን ዘንግ ወደ ጎማው መሐል የሚያስጠጋ የተለየ ማያያዣ ሠርቷል፤ ያ መኪና 440 ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበት በሁለት የፊት ጎማዎች ብቻ ያወርድ ስለነበር ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ሃይብሪዱን የሚለየው ጉልበቱ የሚመጣበት ጊዜ ነው። የነዳጅ ሞተር ዙሩ ከፍ እስኪል ድረስ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን ገና ከቆመበት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ የኤሌክትሪክ ሞተሩ 400 ኒውተን ሜትር ከዜሮ ዙር ጀምሮ እንደሚሰጥ በመግለጫው ላይ ሰፍሯል። የኛ አገር ከፍታ ደግሞ ነገሩን ያጎላዋል። በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ሩብ ያህሉን አቅም ያጣል፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይነካውም። ስለዚህ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ሃይብሪድ ስንነዳ መጀመሪያ ላይ የሚሰማን ግፊት በአብዛኛው የባትሪው ነው፤ ድንገተኛም ነው። በቱሉ ዲምቱ ከፍጥነት መንገዱ የክፍያ ጣቢያ ሲወጡ ልብ ብለው ያስተውሉ፤ ካርዱን ተቀብለው በአንድ እጅ መሪ ይዘው ሲረግጡ፣ ሞተሩ ገና ድምፁን ሳያሰማ መሪው በመዳፍዎ ውስጥ ፈንጠር ይላል።

ይህ ሁሉ ሲባል፣ ፋብሪካው ከሚተወው ጥቂት ስበት አልፎ እየባሰ የመጣ ከሆነ አንድ ያረጀ ወይም ያልተመጣጠነ ነገር አለ ማለት ነው። አላይመንት ለምን እንዳልፈታው ግልጽ ነው፦ ማሽኑ የሚለካው ቆሞ ጉልበት ያልተጫነበትን መኪና ነው። የታችኛው አርም (እግሩን ከሻንሲው የሚያያይዘው ክንድ) ቡሽ፣ ማለትም መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ፣ ተቀዶ ከሆነ ቆሞ ሲለካ በቦታው ይቀመጣል፣ ስክሪኑም አረንጓዴ ያሳያል፤ ጉልበት ሲመጣ ግን እግሩ ወደ ፊት ይሸሻል፣ አቅጣጫውንም ይቀይራል። ወደ ኮንዶሚኒየሙ የሚያስገባው ኮብልስቶንና ፒስታ እነዚህን ቡሾች ምን እንደሚያደርጋቸው ለእርስዎ አልነግርም። መካኒኩ መኪናውን አንሥቶ በአርሙና በሻንሲው መካከል የብረት ዘንግ አስገብቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፋው፤ እርስዎም ጎንበስ ብለው ራስዎ ይመልከቱ። ላስቲኩ ላይ ላዩን ጤነኛ የሚመስል ቡሽ ዘንጉ ሲገፋው ከብረቱ ተላቆ እንደ አፍ ይከፈታል፤ ውስጡ አቧራ ገብቶበት ነጥቶ ያገኙታል። በአንድ ወገን ብቻ የተቀደደ ከሆነ ስበቱ ወደ አንድ ወገን የሆነበት ምክንያት እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ሲቀየር ግን ሁለቱም ወገን አብሮ ይቀየር።

ከዚያ በፊት ግን ምንም የማያስወጣዎትን ይጨርሱ። የፊት ጎማዎችዎ አንድ ዓይነት ናቸው? አንዱ አዲስ፣ ሌላው የተበላ፣ ወይም ማርካቸው የተለያየ ከሆነ ዙሪያቸው እኩል ስለማይሆን እኩል የተከፈለው ጉልበት መንገዱ ላይ እኩል ሆኖ አይወርድም። ነፋሱን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ፣ ጠዋት ሳይሞቅ ያስሞሉ፤ ጎሚስታው በዓይን ገምቶ የሚሞላውን አይቀበሉ። ቀጥሎ የፊት ግራውንና የፊት ቀኙን ያቀያይሩ፣ የማዞሪያ አቅጣጫ ቀስት የሌለባቸው ከሆኑ። ስበቱ ወደ ግራ ከዞረ ነገሩ የጎማ ነው፣ ቡሹንም ሳጥኑንም ይተዉት። ሙከራውን የሚያደርጉት ባዶ፣ ደረቅና ወደ ጠርዙ ያላጋደለ መንገድ ላይ ይሁን፤ በቀኝ ስለምንነዳ አስፋልቱ ራሱ ውኃ እንዲያወርድ ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል ብዙ ሰው የመንገዱን ተዳፋት ለመኪናው ጥፋት ይሰጠዋል። አንዱ እግር አስፋልት፣ ሌላው ጠጠር ላይ ሆኖም አይሞክሩ፤ የሚንሸራተተውን እግር ኮምፒውተሩ በፍሬን ሲይዘው ጉልበቱ ወደ ሌላው ስለሚያልፍ መሪው መሳቡ አይቀርም።

በሃይብሪድ የሚቻል አንድ ጥሩ ፈተና አለ። እግርዎን ከነዳጁ ሲያነሡ የኤሌክትሪኩ ሞተር ባትሪ ለመሙላት እግሮቹን ወደ ኋላ ይይዛል፤ ማለትም በዚያው አክስል ላይ ጉልበቱ አቅጣጫውን ይገለብጣል። ካምቢዮው «ቢ» የሚል ቦታ ካለው እዚያ ያድርጉትና በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ፣ ለቀቅ ያድርጉ። ሲረግጡ ወደ ቀኝ፣ ሲለቁ ደግሞ በትንሹ ወደ ግራ የሚል ከሆነ፣ በዚያ ላይ ከታች «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ የላላ ቡሽ ወይም ያረጀ የሞተር ሳፖርት (ሞተሩንና ካምቢዮውን ደግፎ የሚይዝ ላስቲክ) ነው። ሳፖርቱ የሚመለከተው የነዳጁን ሞተር ብቻ ነው የሚሉ መካኒኮች አሉ፤ ትክክል አይደለም፤ ነዳጁ ጠፍቶ በባትሪ ሲሄድም ወደ እግር የሚወርደውን ጉልበት ተቃውሞ የሚይዘው ያው ሳፖርት ነው፤ ሲላላ ካምቢዮው ይጋደላል፣ የአክስሎቹም ማዕዘን አብሮ ይበላሻል። ሳፖርት ለመቀየር ሲባል ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ብርቱካናማ ኬብሎች አጠገብ መሥራት ግድ ከሆነ ግን ሠራተኛው የሃይብሪድ ልምድ ይኑረው፤ የባትሪው ማቋረጫ መሰኪያ ተነቅሎ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይጠበቅ ማንም እጁን አያስገባ።

መሪውን የሚያግዘው ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ከአላይመንት በኋላ የመሪው ዜሮ ነጥብ በኮምፒውተር ካልተስተካከለ እገዛው ራሱ ወደ አንድ ወገን ሊያደላ ይችላል። ነገር ግን ያ ስበት ነዳጅ ሲለቀቅ አይጠፋም፤ የእርስዎ ስለሚጠፋ ይህን ከመጨረሻ ያድርጉት። የመሪ ሳጥኑም በዚሁ ምክንያት ከተጠርጣሪዎቹ የመጨረሻው ነው፤ ሳጥን ቢበላሽ በቀጥታ ጉዞም ሆነ መታጠፊያ ላይ ይታወቅ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ሆነው በሙሉ ነዳጅ ብቻ የሚሰማ ቀላል ስበት ቢቀር፣ የመኪናው ተፈጥሮ ነውና ገንዘብ አያፍስሱበት፤ ኢኮ (የቁጠባ ሁነታ) ላይ አድርገው ቀስ ብለው ሲነሡ አይሰማዎትም። የፊት ጎማዎቹን ማርካና ጥርስ፣ እንዲሁም ግራና ቀኙን ሲያቀያይሩ ስበቱ ወዴት እንደዞረ እዚሁ ቢጽፉልን ቀጣዩን አብረን እናያለን።