ጄራኒየም በጣና ዳር፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ዛሬ ስለ ጄራኒየም ብቻ ነው። ስትጠይቁ አፈሩን፣ ጥላውንና አጠጣጣችሁን ጻፉ። «አበባዬ ታመመብኝ» ብቻ ለሚል መልስ የለኝም።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ እህቴ ከውጭ የላከችልኝ ጄራኒየም በረንዳዬ ላይ ካለው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። የቱ ነው ትክክለኛው?

መልስ፦ የበረንዳው ፔላርጎኒየም ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም ጄራኒየም ብሏቸው ነበር፤ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሌሪቲየ በ1789 እ.ኤ.አ. ለያያቸው። ነጋዴው ግን አሮጌውን ስም አልተወም። አበባውን አስተውዪ፦ የእውነተኛው ጄራኒየም አምስቱም የአበባ ቅጠሎች እኩል ናቸው፤ የፔላርጎኒየም የላይኞቹ ሁለቱ ከታችኞቹ ሦስት ይለያሉ። እኔ የምመልሰው በየዓመቱ ከሥሩ ስለሚያቆጠቁጠው ስለ እውነተኛው ጄራኒየም ነው። አንዱ ወገኑ፣ ጄራኒየም አራቢኩም፣ እኛው ደጋ ላይ በሣር መካከል ይበቅላል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም እንጂ።

ከዘንዘልማ፦ አፈሬ ዋልካ ነው፣ ግማሽ ቀን ጥላ አለው። ሐምሌ ላይ ሥሩ ይበሰብሳል። አሸዋ ልቀላቅልበት?

መልስ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። አሸዋ አትጨምር፤ ጥቂት አሸዋ ከዋልካ ጋር ሲደርቅ ጡብ ነው የሚሆነው። መሬቱን 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍረህ አላላ፤ ሦስት እጅ አፈር ላይ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅል። መደቡን 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ ዳሩን በድንጋይ ያዘው፣ በዝቅተኛው በኩል ቦይ አውጣ። ችግኙን ስትተክል አንገቱ፣ ማለትም ቡቃያው የሚወጣበት ቦታ፣ ከአፈሩ እኩል ይሁን። አንገቱን አትቅበር! በመካከላቸው 45 ሳንቲ ሜትር ተው። እዚህ ጄራኒየምን የሚገድለው በጋው ሳይሆን ክረምት የሚተኛበት ውሃ ነው፤ ሥሩ አየር ሲያጣ ይታፈንና ሻጋታው ይገባል። ስለዚህ ተከላው መስከረም አጋማሽ፣ ዝናቡ ሲቀንስ ነው።

ከቤዛዊት፦ በየስንት ቀን ይጠጣ?

መልስ፦ በቀን አይቆጠርም። ጣትህን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገባ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጣ።

ከዘጌ፦ እምቦጩን አጭደን ብንጎዘጉዝበትስ? ዳሩን ሞልቶታል።

ከሽምብጥ፦ ኧረ ተዉ! ዘሩን ቤታችሁ ልታስገቡት ነው?

ከዘጌ፦ የውሃ አረም ደረቅ መሬት ላይ ምን ያደርጋል?

ከሽምብጥ፦ ክረምት ጎርፉ ከጓሮህ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሐይቁ አይደል?

ከዘንዘልማ፦ ሳያብብ ቢታጨድስ?

መልስ፦ ስለ ጄራኒየም ነው ብያለሁ። የሽምብጧ እውነቷን ነው፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የጤፍ ጭድ ይበቃል፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከአንገቱ አራት ጣት ራቅ አድርጋችሁ። አንገቱን አትቅበሩ።

ከቤዛዊት፦ ዘንግ ቆርጬ ተከልኩ፣ ሁሉም ደረቀ።

መልስ፦ ያ የፔላርጎኒየም ዘዴ ነው። ይህኛው በመክፈል ይራባል። ከሦስት አራት ዓመት በኋላ መስከረም መጨረሻ ጉቶውን ነቅለህ በስለት ክፈል፤ እያንዳንዱ ክፋይ ሥርና ሁለት ሦስት ቡቃያ ይኑረው። ቅጠሉን በግማሽ ቀንስለት፣ በዕለቱ ትከል፣ አጠጣ። አበባው ሲያልቅም ሙሉውን ከመሬት 8 ሳንቲ ሜትር አስቀርተህ እጨደው፤ አዲስ ቅጠል ያወጣል። በዘር ከሆነ ቅርፊቱ ጠንካራ ነውና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው።

ከጢስ ዓባይ፦ የኔ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ አፈርህ? ጥላህ? ስጀምር ምን አልኩ? የዘንዘልማውን መልስ አንብብ።

ከጢስ ዓባይ፦ እሺ ጋሼ። በየስንት ቀን ላጠጣው ግን?

መልስ፦ ጣትህን!