ልጁ ኤሌክትሪሺያን ልሁን ካለ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ልጅሽ 10ኛ ክፍል ነው፤ «ኤሌክትሪሺያን እሆናለሁ፣ ኮሌጅ ግን አልገባም» ብሎሻል። አንቺ ደግሞ «አገር ጥለን የመጣነው ለዚህ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በኤሌክትሪክ ሥራ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ትልቁም በዚሁ ሙያ ገብቷል። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

ዛሬ ምንም መወሰን የለባችሁም። ይሞክረው። ሃይስኩል እያለ መሞከር ደግሞ ርካሹ መንገድ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የምትኖሩ ከሆነ ቶማስ ኤዲሰን የሚባል የቴክኖሎጂ ሃይስኩል አለ። ልጁ ትምህርት ቤቱን አይቀይርም፤ ግማሹን ቀን በራሱ ትምህርት ቤት ይማራል፣ ግማሹን ኤዲሰን ይውላል። ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ፣ አናጢነት፣ ግንበኝነት፣ የመኪና ጥገና፣ የኤሲና የማሞቂያ ሥራ ያስተምራሉ። ኮንስትራክሽን የሚማሩት ልጆች እውነተኛ ቤት ነው የሚሠሩት፤ ሲያልቅ ይሸጣል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ የትምህርት ክፍያ የለውም። ዲፕሎማውን የሚወስደው ከራሱ ትምህርት ቤት ነውና ነገ ሐሳቡን ቀይሮ ኮሌጅ ልግባ ቢል የሚከለክለው የለም። የሚቀጥለው ዓመት ኮርስ ቀደም ብሎ ስለሚመረጥ የትምህርት ቤቱን አማካሪ (ካውንስለሩን) ቶሎ አናግሪ።

16 ዓመት ሲሞላው ደግሞ አፕረንቲስሺፕ ሜሪላንድ የሚባል፣ እየሠሩ ሙያ የሚማሩበት ፕሮግራም አለ። ጁኒየር ወይም ሲኒየር (11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል) ሆኖ እየተማረ ቢያንስ 450 ሰዓት ደሞዝ እየተከፈለው ይሠራል። ኪሱ ገንዘብ ሲገባ ልጁ ራሱ ጠዋት መነሳት ይጀምራል፣ አይዞሽ።

አሁን ዋናው ነገር፤ ሒሳቡን እንዳይተው። «ሽቦ ለመቀጠል ምን ሒሳብ ያስፈልጋል» የሚል ልጅ ብዙ አይቻለሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር (ዩኒየን)፣ እዚህ አካባቢ ሎካል 26 የሚባለው፣ 18 ዓመት የሞላውና ሃይስኩል የጨረሰ ልጅ ይፈልጋል። አልጀብራ ማለፉንም ያያል፤ በሒሳብና በንባብ ይፈትናል። ካለፈ ሥልጠናው 5 ዓመት ነው፤ እየሠራ፣ እየተከፈለው ይማራል።

ሥራው ላይም ሒሳብ አይቀርም። የግማሽ ኢንች ብረት ቱቦ 90 ዲግሪ ስናጥፍ ከምንፈልገው ቁመት 5 ኢንች ቀንሰን ነው ምልክት የምናደርገው። ቱቦው መንገድ ላይ እንቅፋት ካጋጠመው ሁለት ቦታ በ30 ዲግሪ አጥፈን እናሻግረዋለን። እንቅፋቱ 4 ኢንች ከሆነ በሁለቱ የማጠፊያ ምልክቶች መካከል 8 ኢንች እንተዋለን። ይሄ ትሪጎኖሜትሪ፣ የማዕዘን ሒሳብ ነው። የተሳሳተ ልጅ ቱቦውን ጥሎ ሌላ ያነሳል፤ የሥራው አለቃ (ፎርማኑ) ደግሞ ቆሞ ያየዋል።

ክፉውንም ልንገርሽ። ሥራ የሚገባው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮና ጣሪያ ሥር ተኝቶ ሽቦ መጎተት ምጣድ ላይ እንደመተኛት ነው። ጉልበትና ወገብ ቀስ በቀስ ሂሳባቸውን ይጠይቃሉ። ልጅሽ ይሄንን አይቶ ቢመርጥ ይሻላል፤ ዩቲዩብ ላይ ላብ አይታይም።

ከቅዳሴ በኋላ «ልጅሽ የት ገባ?» የሚሉሽን ሰዎች እርሺያቸው። እነዚያው ሰዎች ናቸው ብሬከር ሲወድቅባቸው በሌሊት የሚደውሉልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ብድር አስፈርሞ «በአጭር ጊዜ ሙያ እናስተምራለን» የሚል የግል ትምህርት ቤት ከመጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ካውንቲው በነጻ የሚሰጠውን እዩ። ልጁ መጀመሪያ በዚህ ሙያ የሚሠራ ሰው ማናገር ከፈለገ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና አንድ ቅዳሜ አብረን ቡና እንጠጣ። ግን አንቺ ሳትሆኚ እሱ ራሱ ይጠይቀኝ።