እረፍት ላይ ለምትሳቀቁ ወጣት የሒሳብ ሠራተኞች

ልጆቼ፣

የሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ሲቃረብ እሑድን ቤት መዋል ለብዙዎቻችሁ እንደ ጥፋት ይታያችኋል። ጋደም ስትሉ «እገሌ አሁን ቢሮ ገብቶ ይሆናል» እያላችሁ ትነሣላችሁ። አስተዳደጋችንም አለበት፤ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ሲባል ለሰማ ልጅ ባዶ እጁን መቀመጥ ነውር ነው። ተረቱ ግን ሥራ ላጣ ሰው ነው የተተረተው። ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ የሰነበተን አይመለከትም።

በሙያችን እንየው። የደከመ ሰው በአንዱ ወገን 5,480 ብርን 5,840 ብሎ ይመዘግባል፤ እኩል መሆን ያለባቸው ሁለቱ የመዝገብ ወገኖች፣ ዴቢትና ክሬዲቱ፣ በ360 ይለያያሉ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ የአኃዝ መገለባበጥ ጠርጥሩ። ለ2 ከተካፈለ ደግሞ የልዩነቱን ግማሽ የሚያህል ሒሳብ ፈልጉ፤ በተቃራኒው ወገን ገብቶ ሊሆን ይችላል። እነዚህስ ይያዛሉ። የጥገና ወጪ ቋሚ ንብረት ተብሎ ከተመዘገበ ግን ሁለቱም በዴቢት ወገን ስለሚገቡ ትራያል ባላንሱ (የሁለቱ ወገን ድምር የሚመሳከርበት ዝርዝር) ይገጥማል፣ ማንም አያየውም፣ ኦዲተር እስኪመጣ ድረስ ተደብቆ ይቆያል። ሌሊት የተሠራ ሥራ ጠዋት ስሕተት ሲፈለግበት ከዋለ ትርፉ ምንድን ነው?

«ስጨርስ አርፋለሁ» የምትሉትንም ተዉት። የእኛ ሥራ አያልቅም። ከመዝጊያው በኋላ ግብር ማሳወቅ አለ፣ ከዚያ ኦዲት፣ ከዚያ የሚቀጥለው ወር።

የዓመት ፈቃድ መጠየቅ የሚያሳፍራችሁ ይህን አስቡ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ሠራተኛው ፈቃዱን ለመተው ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም። አለቃችሁ የሚያደርግላችሁ ውለታ አይደለም።

በገንዘብ ሥራ ላይ ደግሞ ፈቃድ መውጣት የቁጥጥር አካል ነው። ከአንድ ደንበኛ የሰበሰበውን የሰረቀ ሰው ጉድለቱን በሁለተኛው ደንበኛ ክፍያ ይሸፍናል፣ የሁለተኛውን በሦስተኛው። ይህን በየቀኑ ማንቀሳቀስ ስላለበት ከወንበሩ መነሣት አይችልም። ሌላ ሰው አንድ ሳምንት ቢቀመጥበት ጉዱ ይወጣል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ ያዥን አስገድደው ፈቃድ የሚያስወጡት። መዝገባችሁን ለሌላ ሰጥታችሁ መውጣታችሁ ሥራችሁ ንጹሕ እንደሆነ ያሳያል፤ የሚያሳቅቅ ነገር የለውም።

ሐሳቡ ቤት ድረስ እንዳይከተላችሁ ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ በፊት መመዝገብ አቁሙና ደብተር ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ የመጨረሻው የተመዘገበ ቫውቸር (የሒሳብ ማስረጃ ሰነድ) ቁጥር፣ ምክንያቱ ገና ያልተገኘው የሒሳብ ልዩነት ስንት እንደሆነና የት ድረስ እንደፈለጋችሁት፣ ከማን ምን ሰነድ እንደምትጠብቁ፣ ነገ መጀመሪያ የምትከፍቱት ፋይል። ልዩነቱን «ነገ አየዋለሁ» ብላችሁ በደፈናው አትለፉት። የእኛን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ስታመሳክሩ ከሆነ «1,260 ብር፣ የግንቦት ባንክ ማስታረቂያ፣ ለባንክ ያልቀረቡ ቼኮች ታይተዋል፣ ተቀማጭ አልታየም» ብላችሁ አስፍሩ። እንዲህ ካልተጻፈ እራት ላይ እንደገና መቁጠር ትጀምራላችሁ።

ፈቃድ ስትወጡ ርክክቡን ከሦስት ቀን በፊት ከአንድ ሰው ጋር ጨርሱ። የይለፍ ቃላችሁን አትስጡ፤ ተተኪው በራሱ ስም እንዲገባ ይፈቀድለት፤ አለዚያ በሌላችሁበት የተሠራው ሁሉ በስማችሁ ይመዘገባል።

እንቅልፍ ከ7 ሰዓት አይነስ። ከጠጣችሁት ካፌይን ግማሽ ያህሉ አምስት ሰዓት ገደማ ካለፈው በኋላም ሰውነታችሁ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት የምትተኙ ከሆነ የመጨረሻውን ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት አታሳልፉት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጃችሁን ስልክ ስልክ ማለቱ አይቀርም። የቢሮውን ቴሌግራም እያዩ መተኛት ያለ ደመወዝ መሥራት ነው። የግሩፑን ድምፅ ዝጉ፤ የምር አስቸኳይ ነገር ከመጣ እንዲደውል ለተተኪያችሁ ነግራችሁ ውጡ።