የአባቴ ጭቃ ቤት ይፍረስ ወይስ ይጠገን?

ጤና ይስጥልኝ። ያደግሁት ደሴ ነው፤ አሁንም እዚያው ነኝ። አባቴ ሰዓሊ ነበር። ቤታችንን ከእማዬ ጋር ሆነው በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። ቋሚውን አባቴ ተከለ፣ ማገሩን አሰረ። ጭቃውን እማዬ በእግሯ ረግጣ አቦካችው፤ ግድግዳውን መርጋ በመዳፏ ለሰነችው። ጓሮ ያለችው ስቱዲዮም እንደዚያው ናት። መስኮቷ ወደ ሰሜን ነው። አባዬ «ፀሐይ ሸራዬ ላይ እንዳትጨፍር» ይል ነበር። ከመስኮቱ ሥር አምስታችንም እርጥቡ ጭቃ ላይ መዳፋችንን አትመናል። ትንሿ የኔ ናት፤ ያኔ 3 ዓመቴ ነበር።

አባዬ ካረፈ 4 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት የስቱዲዮዋ ግድግዳ ከሥሩ ተሰነጠቀ። ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ ታየ። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ «እማዬ ላይ ሳይወድቅ ይፍረስ፤ ብሎኬት ቤት ላሠራላት» ብሎ ገንዘብ ላከ። አንድ ግንበኛ ደግሞ «በሲሚንቶ ልለስነውና ይለቅ» አለኝ። እኔ እንዲፈርስ አልፈልግም። ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን 2 ወር ሆነን። እማዬ ዝም ብላለች። ምን ላድርግ?

ት. ነኝ፣ ከደሴ

መልስ

ውድ ት.፣

ደብዳቤሽን ሳነብ መዳፎቹ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። የወንድምሽም መዳፍ እዚያ አለ።

መጀመሪያ ግንበኛውን አስቁሚው። ሲሚንቶ እርጥበት አያስወጣም። ግድግዳው ውስጥ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ከልስኑ ጀርባ ጭቃው ይላላል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልቋል።

ከሥሩ ተሰነጠቀ ማለትሽ ለኔ ብዙ ይነግረኛል። ታዛው አጭር ከሆነና አሸንዳ ከሌለው፣ ከቆርቆሮው የሚወርደው ዝናብ መሬት ላይ እየነጠረ የግድግዳውን ሥር ይበላዋል። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘሽ ውጪ ቁሚና ውሃው የት እንደሚያርፍ እዪ። ከዚያ ቋሚዎቹን ከሥራቸው በቢላ ወጋ ወጋ አድርጊ። ቢላው ዝም ብሎ ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። ያኔ የወንድምሽ ፍርሃት እውነት ነው፤ እናትሽ እዚያ አይግቡ፣ ጥሩ አናጺም ጥሪ። ቢላው ካልገባ ግን ሥራው ጥገና ነው። አሸንዳ ይገጠም፣ ቦይ ይቆፈር፣ ከግድግዳው ሥር ድንጋይ ይደርደር። ምርጊቱን ለጥቅምት አቆዪው፤ ክረምት ላይ አይደርቅልሽም። ጭቃው በጭድ ተቦክቶ ለቀናት ይደር።

ወንድምሽ ጭቃ አያስተማምንም ካለ፣ ሲመጣ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ውሰጂው። ሰዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የመሠረቱት ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ግድግዳዎቹ በጭቃና በጭድ ተሠርተው ቅርፅ ወጥቶባቸዋል። ሰው ሊያያቸው ብሎ ይሄዳል። የእናትሽ እጅም ይህንኑ ሙያ ነው የሠራው።

ግን ለመከራከር ብለሽ አትደውዪለት። ከእናቱ ርቆ ያለ ልጅ ሌሊት የሚያስበው ግድግዳው ሲወድቅ ነው። የቢላውን ቪዲዮ ላኪለት፤ ቋሚው ሲጠነክርም ሲላላም ይየው። ከላከው ገንዘብ አሸንዳውና ቦዩ ይሠራ። ቦታ ካላችሁ ደግሞ ለእናታችሁ ጥሩ መኝታና መጸዳጃ በብሎኬት ይሥራላቸው፤ ስቱዲዮዋ ግን አትነካ። ሁለታችሁም ለእሳቸው ነው የምትጨነቁት።

እማማ ዝም ያሉት በልጆቻቸው መካከል መግባት ከብዷቸው ይመስለኛል። ብቻቸውን ሲሆኑ ቡና አፍዪና «ያን ግድግዳ እንዴት ነበር የመረጋችሁት?» ብለሽ ጀምሪ። ጭቃው ስንት ቀን እንደሚያድር ከግንበኛው ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ሲያወሩ በስልክሽ ቅጂ። ከዚያ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው። መልስ እስኪሰጡ ድረስ ግቢያችሁ አንድም ብሎኬት አይራገፍ።