በካሴቱ ላይ የአባቴ ድምፅ ለምን ቀጠነ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ታላቅ ወንድሜ አባታችንን ዋሽንት ሲነፉና በየመሐሉ ሲያንጎራጉሩ በቴፕ ቀድቷቸው ነበር። በጊዜው መብራት ስላልነበረን ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ካሴቱን በቅርቡ ደብረ ብርሃን ወስጄ ወደ ኮምፒዩተር አስገለበጥሁት። የአባቴ ድምፅ ሲጀምር ደኅና ነው፤ እየቆየ ግን ይቀጥናል፤ ወደ መጨረሻው የልጅ ድምፅ መስሎ ይጣደፋል። እኔ የማውቀው ድንጋይ ሲደክም ድምፅ እንደሚጎተት እንጂ እንደሚሮጥ አይደለም። ድምፅ የሚያወፍር የስልክ መተግበሪያ ሞክሬ ድምፁ ቢወፍርም ጥድፊያው አልቀረም። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ድንጋይ ሲደክም ድምፅ ይጎተታል ማለትዎ ትክክል ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን የደከመው ድንጋይ ካሴቱን በሚያጫውተው ቴፕ ውስጥ ሲኖር ነው። በእርስዎ ካሴት ላይ የደከመው የቀዳው ቴፕ ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እንዲጓዝ የተወሰነ ነው፤ የወንድምዎ ቴፕ ሞተር ጉልበት ባነሰው መጠን ክሩ ከዚህ ፍጥነት በታች እየተጓዘ፣ አባትዎ በአንድ ሴኮንድ ያንጎራጎሩት ዜማ ባጠረ ክር ላይ ተጨናንቆ ተቀረጸ። ዛሬ ጤናማ የሆነ ማጫወቻ ያንኑ ክር በሙሉ ፍጥነት ሲያሳልፈው ዜማው ቶሎ ያልቃል፤ የድምፁ ሞገዶችም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከልካቸው በዝተው ስለሚደርሱ ድምፁ ይቀጥናል።

ጥድፊያውና ቅጥነቱ የመጡት ከአንድ ምክንያት ስለሆነ መታረም ያለባቸውም አብረው ነው። የስልክዎ መተግበሪያ ያልሠራልዎት ሁለቱን ለያይቶ አንዱን ብቻ ስለነካ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ድምፁን በሴኮንድ መቶኛዎች የሚለኩ ቁርጥራጮች አድርጎ ይከትፈዋል፤ ቁርጥራጮቹን እርስ በርስ እያነባበረ ይቀጥላቸዋል፤ ከዚያም ርዝመቱ እንዳይለወጥ አድርጎ ድምፁን ያወፍራል ወይም ያቀጥናል። ለሌላ ጉዳይ ግሩም ብልሃት ነው፤ ለእርስዎ ካሴት ግን ያልተጠየቀውን የሚሠራ አገልጋይ ነው። እርስዎ የሚያስፈልግዎት ከሁሉ ቀላሉና ጥንታዊው ዘዴ ነው። ኮምፒዩተሩ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ሴኮንድ ድምፅ በ44,100 ቁጥሮች ይይዘዋል፤ እነዚህን ቁጥሮች በዝግታ እንዲያነባቸው ማድረግ ክሩን በዝግታ ከማስኬድ ጋር አንድ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። የሰውን ድምፅ የአዋቂ ወይም የልጅ የሚያሰኘው የጉሮሮው ንዝረት ብቻ ሳይሆን የአፍና የጉሮሮ ክፍተቱ ስፋት የሚሰጠው ቃና ጭምር ነው፤ የቴፑ ስሕተት ይህንንም አቅጥኖታልና ተራው ማዝገሚያ ሁሉንም በአንድ ልክ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

የሚያስቸግረው ድንጋዩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ መድከሙ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር መርጠው ካሴቱን ሙሉ ቢያዘገሙት መጨረሻው ሲስተካከል መጀመሪያው ይጎተታል። በዚያ ላይ እንደ ድሮው ድንጋይ ያለ ባትሪ ጥቂት ሲያርፍ ጉልበቱ በመጠኑ ይመለሳል፤ ወንድምዎ በዘፈኖቹ መሐል ቴፑን አጥፍተው ከነበረ፣ ወይም በዚያ ዘመን ሁላችንም እናደርገው እንደነበረው ድንጋዩን አውጥተው ፀሐይ አስመትተውት ከነበረ፣ ቀጣዩ ዘፈን ደኅና ጀምሮ እንደገና ሲቀጥን ይሰማሉ። እንዲህ ያለ ዝላይ ካገኙ ድምፁን እዚያው ላይ ቆርጠው እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ይመልከቱት።

ትክክለኛውን ፍጥነት በጆሮ ግምት ብቻ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ የአባትዎን ድምፅ ካልሰሙ ብዙ ዓመት ሆኖዎታልና ትዝታዎም አብሮ ሊቀጥን ወይም ሊወፍር ይችላል። የእርስዎ ዕድል ዋሽንቱ ነው። ክራርና ማሲንቆ በየዕለቱ ስለሚቃኙ ምስክር አይሆኑም፤ የዋሽንት ድምፅ ግን በርዝመቱና በቀዳዳዎቹ የተወሰነ ነው። ያው ዋሽንት ሳይሰነጠቅ ቤት ውስጥ ካለ፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፍነው ለስለስ አድርገው ይንፉትና ክራር ለመቃኘት በሚያገለግል የስልክ ቱነር ድግግሞሹን በሄርዝ (በአንድ ሴኮንድ በሚነዝረው ብዛት) ይለኩ። ከዚያ ያንኑ ድምፅ በካሴቱ ቅጂ ላይ፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም ዘንድ ፈልገው ይለኩ። ለምሳሌ ዋሽንቱ ዛሬ 330 ሄርዝ ቢሰጥ፣ በቅጂው መጀመሪያ 337፣ በመጨረሻው 370 ቢሆን፣ 330ን ለ337 ሲያካፍሉ 0.979፣ ለ370 ሲያካፍሉ ደግሞ 0.892 ያገኛሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያው ወደ 97.9፣ መጨረሻው ወደ 89.2 በመቶ ፍጥነት መውረድ አለበት። የመጨረሻው ስሕተት ሁለት ግማሽ ድምፅ (ግማሽ ድምፅ በኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው) ያህል ነውና የልጅ ድምፅ መምሰሉ አያስገርምም። የመንዝ ብርድም በልኬቱ ውስጥ ይገባል፦ አየሩ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የዋሽንት ድምፅ የግማሽ ድምፅን ሲሶ ገደማ ስለሚወርድ፣ ከመለካትዎ በፊት ቤት ውስጥ ሆነው ጥቂት ነፍተው ያሙቁት።

ሥራውን ኦዳሲቲ በተባለው፣ በነፃ በሚገኘው የኮምፒዩተር የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም መሥራት ይቻላል። ፍጥነቱ ያልተዋዠቀ ክፍል ካገኙ «ቼንጅ ስፒድ ኤንድ ፒች» የሚለው በቂ ነው፤ «ቼንጅ ፒች» ወይም «ቼንጅ ቴምፖ» የሚሉትን አይንኩ። ቀስ በቀስ ለሚለዋወጠው ክፍል ግን «ታይም ትራክ» የሚባለውን መስመር ይጨምሩና በየቦታው ነጥብ እየተከሉ ፍጥነቱን ወደሚፈለገው መቶኛ ያውርዱ፤ በነጥቦቹ መሐል ያለውን መስመሩ ራሱ ያዳላድለዋል። የታችኛው ወሰን 90 ላይ ቆሞ ካገኙት ወደ 80 ዝቅ ያድርጉት። ከሁሉ በፊት ግን ያልተነካውን ቅጂ በዌቭ ፋይል በሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ካሴቱ የተገለበጠበት ማጫወቻ ራሱ ፈጣን እንዳልነበረም ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን በሚያውቁት ሌላ ካሴት ያስፈትኑ።

ጥያቄ፦ አንኮበር ሆኜ በገና እየተማርሁ ነው። መምህሬ የደረደሩትን በስልክ ቀድቼ ጣቶቻቸውን ለመከተል ፍጥነቱን በግማሽ ቀነስሁት። ቅኝቱ አልተለወጠም፤ ነገር ግን የአውታሩ ንዝረት ተድበስብሶ ሲንተባተብ ይሰማል። የስልኬ ጥፋት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እዚህ ላይ ከላይ ያሳነስሁት፣ ድምፅን ከትፎ የመቀጠል ብልሃት ተገቢው ነው፤ ምክንያቱም የእርስዎ ቅጂ ስሕተት የለበትም፤ ቅኝቱ እንዳለ ሆኖ ጊዜው ብቻ እንዲረዝም ነው የፈለጉት። ችግሩ የበገና ጠባይ ነው። የበገናን አውታሮች ድምፅ የሚያነዝረው እንዚራ (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) እያንዳንዱን ሞገድ በአጫጭር ግጭቶች ይሞላዋል፤ ጊዜን የሚያረዝመው ስልትም ቁርጥራጮቹን እየደጋገመ ሲቀጥል መገጣጠሚያው በትክክል ካልተገናኘ ግጭቶቹ ይደራረባሉ። ቬርሄልስትና ሩላንትስ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡት ስልት ለዚህ መፍትሔ የሚፈልገው እያንዳንዱን ቁራጭ ከመቀጠሉ በፊት ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተተ ከቀደመው ጋር ይበልጥ የሚመሳሰልበትን ቦታ በመምረጥ ነው። ለአንድ ሰው ንግግርና ለብቸኛ መሣሪያ በእጅጉ ይስማማል፤ በገና ግን ወፍራም ስለሆነ ቁራጩ ረዘም ማለት አለበት። የ100 ሄርዝ ሞገድ አንዱ ዙር 10 ሚሊሴኮንድ ይወስዳልና፣ ከሁለት ዙር ያነሰ ቁራጭ የሚመሳሰለውን ቦታ ሊያገኝ አይችልም።

ፍላናጋንና ጎልደን እ.ኤ.አ. በ1966 በቤል ላቦራቶሪዎች ያቀረቡት ፌዝ ቮኮደር የሚባለው ሌላው ስልት ድምፁን በየድግግሞሹ ለያይቶ ያረዝማል። ብዙ ድምፅ ለተደባለቀበት መዝሙር ይሻላል፤ የእንዚራን ግጭትና የከበሮን ምት ግን ያለሰልሳል፤ ስለዚህ ለእርስዎ አልመርጠውም። ፍጥነቱን በግማሽ ሳይሆን ወደ 75 በመቶ ብቻ ዝቅ አድርገው ይሞክሩ፤ ከዚያ በታች የሚያስፈልግዎትን አስቸጋሪ ቦታ ብቻ ቆርጠው ያዘግሙት። ቢቻል መምህርዎን ቀስ ብለው እንዲደረድሩ ለምነው እንደገና ይቅዱ፤ ከየትኛውም ስልት የሚበልጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በሠርግ ላይ እንዘፍናለን። የተቀዳው አጀብ ለዘፋኟ ድምፅ ዝቅ ስለሚልባት ሦስት ግማሽ ድምፅ ልናወጣው አስበናል። ትዝታው ወደ ሌላ ቅኝት ይለወጥ ይሆን?

መልስ፦ አይለወጥም። እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ የድግግሞሹ በ1.0595 መባዛት ነው፤ ሦስቱ አንድ ላይ 1.189 ይሆናሉ፤ ሁሉም ድምፆች በአንድ ልክ ስለሚባዙ በመሐላቸው ያለው ርቀት እንዳለ ይቀራል። ለእናንተ «ቼንጅ ፒች» ትክክለኛው ነው። መሣሪያው አጀቡን መጀመሪያ በ1.189 እጥፍ ያረዝመዋል፤ ቀጥሎም በዚያው ልክ አፋጥኖ ያነበዋል፤ ርዝመቱ ወደ ነበረበት ሲመለስ ድምፁ ከፍ ብሎ ይቀራል። ከበሮው ግን አብሮ ቀጥኖ ቆርቆሮ ይመስላል። የከበሮውን መስመር ለብቻው ቀድታችሁ ከሆነ እሱን እንዳለ ትታችሁ ክራሩንና ኪቦርዱን ብቻ አውጡ።